አንድ የአውቶካድ ሜኑ ለሰባት ማሽን፦ እናንተ እንዴት ነው የምታስተዳድሩት?

ቲ ስኩዌር
ሰኞ፣ ከጠዋቱ 4፡15

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ሁለት ሳምንት የታገልኩበትን ጉዳይ ይዤ መጥቻለሁ። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

አዲስ አበባ ባለ አንድ አማካሪ ድርጅት ውስጥ የድራፍቲንግ ክፍሉን የምይዘው እኔ ነኝ። ሰባት ማሽን አለን። አራቱ ላይ ያለው አውቶካድ (የንድፍ መሥሪያው ሶፍትዌር) 2021 ነው። ሁለቱ አዳዲሶቹ ላይ 2024 አለ። አንዱ ላይ ደግሞ ኤልቲ 2022፣ አቅሙ የተቀነሰው አውቶካድ። ድሮዊንግ መለዋወጥ አላስቸገረንም፤ የድሮዊንግ ፋይሉ ፎርማት፣ ዲደብሊውጂ፣ ከ2018 እስከ 2024 ስላልተቀየረ ሁሉም የሁሉንም ይከፍታል። ያስቸገረን ሜኑው ነው።

የራሳችን ሪበን ታብ (ስክሪኑ አናት ላይ የሚወጣ የበተኖች ገጽ) አለን። ታይትል ብሎክ (የድሮዊንጉን የመግለጫ ሳጥን) ያስገባል፣ ሌየሮቹን (የድሮዊንጉን ንብርብሮች) ባንዴ ያዘጋጃል፣ የአማርኛ ጽሑፍ ስንጽፍ ስታይሉን ወደ ኒያላ ፎንት ይቀይራል፣ የበርና የመስኮት ብሎኮች አሉበት። ሠላሳ ገደማ በተን ነው። የሠራሁት እኔ ነኝ፣ በራሴ ማሽን፣ አካድ ሲዩአይኤክስ በሚባለው የአውቶካድ ዋና የሜኑ ፋይል ውስጥ። ሁሉም ይጠቀምበት ብዬ ፋይሉን ሰርቨር ላይ አስቀመጥኩና የሁሉንም ማሽን ዋና ፋይል ወደዚያ አዞርኩት።

የመጀመሪያው ሳምንት ደስ የሚል ነበር። ከዚያ አንዱ ልጅ ፓነሎቹን ለራሱ እንዲመቸው አሰላለፋቸው። በማግስቱ ጠዋት የሁላችንም ስክሪን ተቀይሮ ጠበቀን። ቀጥሎ 2024 ያላቸው ልጆች ውስጥ ገብተው የሆነ ነገር ነካኩ፤ 2021 ላይ ግማሹ አይኮን ጠፍቶ በቦታው የጥያቄ ምልክት ቆመ። ያለፈው ሐሙስ ደግሞ መብራት ጠፋ። ሲመለስ ሰርቨሩ እስኪነሳ ድረስ አውቶካድ የከፈተ ሁሉ ታባችን የለም። የምናስረክብበት ቀን ነበር። ታይትል ብሎኩን በእጃችን እየፈለግን ስናስገባ አመሸን።

ብዙ ማሽንና የተለያየ ቨርዥን ያላችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ እንዴት እንደምትሠሩ ንገሩኝ።


ሻርጃ ካድ
ሰኞ፣ ከቀኑ 7፡02

ወንድሜ፣ አይዞህ። ሁላችንም ያለፍንበት ነው። ችግርህ ፋይሉ ሰርቨር ላይ መሆኑ አይደለም። ዋናው ፋይል ለሰባት ሰው አንድ መሆኑ ነው።

አካድ ሲዩአይኤክስ የተጠቃሚው የግል ፋይል ነው። አውቶካድ ራሱ ይጽፍበታል። የዎርክስፔስ (የስክሪኑ አጠቃላይ አቀማመጥ) ሴቲንግ ውስጥ ለውጥ በራሱ እንዲቀመጥ ከተመረጠ፣ አንዱ ፓነል ጎትቶ ዎርክስፔስ በቀየረ ቁጥር አዲሱ አቀማመጥ እዚያ ይገባል። ሰባት ሰው አንድ ደብተር ላይ እየተሻማ ሲጽፍ አስበው።

ለዚህ ጉዳይ ተብሎ የተዘጋጀ ቦታ አለ። ኦፕሽንስ ክፈትና ፋይልስ የሚለው ታብ ውስጥ ግባ። ከስተማይዜሽን ፋይልስ የሚለውን ስትዘረጋው ሜን የሚል አለ፣ አጠገቡ ኤንተርፕራይዝ የሚል አለ። ያንተ ኤንተርፕራይዝ ላይ አሁን ያለችው አንዲት ነጥብ ብቻ ትመስለኛለች። ነጥቧ ምንም አልተጫነም ማለት ናት። የድርጅቱን ፋይል እዚያ አስገባው። ኤንተርፕራይዝ ሆኖ የተጫነ ፋይል ይታያል፣ ይሠራል፣ ግን ተጠቃሚው ሊቀይረው አይችልም። ዋናው ፋይል ግን እያንዳንዱ ሰው ማሽን ላይ፣ በራሱ ይሁን።

ሠላሳውን በተን እንደገና መሥራት የለብህም። ኮማንድ ላይኑ ላይ ሲዩአይ ብለህ ጻፍ፣ የሜኑ ማረሚያው ይከፈታል። ትራንስፈር የሚለው ታብ ላይ በግራ አካድ ሲዩአይኤክስን ክፈት፣ በቀኝ አዲስ ባዶ ፋይል። ታቡንም ፓነሎቹንም ጎትተህ አሻግር፣ ቀኙን በድርጅትህ ስም ሴቭ አድርግ። ስታሻግር አይኮኖቹን አንድ በአንድ እያቸው። ከ2010 ጀምሮ ሲዩአይኤክስ ማለት የታሸገ ዚፕ ነው፤ ኮፒ አድርገህ ስሙን ዚፕ ብትለው ውስጡ ኤክስኤምኤሎችና ምስሎቹ ይታዩሃል። ምስሉ እሽጉ ውስጥ ካልገባ፣ ያንተ ዴስክቶፕ ላይ ብቻ ተቀምጦ ከሆነ፣ ሌላ ማሽን ላይ የጥያቄ ምልክት ነው የሚሆነው። እኔ እንደምገምተው ከአይኮኖችህ ገሚሱ የጠፋው በዚህ ነው።

ሌላው ጥያቄ ኤንተርፕራይዙን ማን ያርመው የሚል ነው። ላንተ ብቻ ሌላ ፕሮፋይል (የአውቶካድ ሴቲንግ ስብስብ) ሥራ። በዚያ ፕሮፋይል ላይ የድርጅቱ ፋይል ሜን ይሁን። ሁለተኛ ሾርትከት አዘጋጅና ስላሽ ፒ ብለህ የፕሮፋይሉን ስም ስጠው። ልታርም ስትፈልግ በዚያ ትከፍታለህ፣ ለሥራ ስትፈልግ በተለመደው።


ኔትወርክ ሰው
ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡30

ሻርጃ ካድ ያለው ልክ ነው። የመብራቱን ግን አይፈታም። ኤንተርፕራይዙ ሰርቨር ላይ ከሆነ፣ ሰርቨሩ ሲወድቅ አብሮ ይወድቃል።

የኔ ሥራ ኔትወርክ ነው፣ ካድ ላይ እጄ አጭር ነው። ግን ለሁለት የዲዛይን ቢሮ ይህንኑ ሠርቻለሁ። ሰርቨር ላይ ያለው እናት ኮፒ ይሁን። ማሽኖቹ የሚያነቡት ሲ ድራይቭ ላይ ካለ ኮፒ ነው። ሰው ጠዋት ዊንዶውስ ሲገባ አንድ ትንሽ ባች ፋይል ከሰርቨሩ ወደ ሲ ይገለብጣል። ሰርቨሩ ከሌለ የትናንቱ ኮፒ አለ። ሥራ አይቆምም።

መገልበጫው ሮቦኮፒ ነው። ዊንዶውስ ውስጥ አለ፣ የሚጫን ነገር የለም። ሁለት ቦታ ተጠንቀቅ። ሮቦኮፒ አንድ ፋይል እምቢ ሲለው፣ ዝም ብለህ ከተውከው በየ30 ሴኮንዱ እየጠበቀ ሚሊዮን ጊዜ ይሞክራል። ስላሽ አር አንድ፣ ስላሽ ደብሊው አንድ ብለህ ቁረጠው። ሁለተኛ፣ ኢንተርኔት ላይ ስላሽ ሚር የሚል ብዙ ታያለህ። አትጠቀምበት። ሚር ማለት መድረሻውን ልክ እንደ መነሻው አድርግ ነው፤ አንድ ቀን ሰርቨሩ ላይ ያለው ፎልደር በስህተት ባዶ ከሆነ የሁሉም ማሽን ኮፒ አብሮ ይጸዳል። ስላሽ ኢ ይበቃሃል።

ደግሞ ዜድ ድራይቭ፣ ኤስ ድራይቭ በሚል ፊደል አትመኑ። አንዱ ማሽን ላይ ዜድ የሆነው ሌላው ላይ ፍላሽ ሊሆን ይችላል። መነሻውን በሰርቨሩ ስም ጻፉት።


መንገድ ሲቪል
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡20

እኔ ኤንተርፕራይዝ በሚለው ላይ አልስማማም። ምክንያቴን ልንገርህ።

የኤንተርፕራይዝ ቦታ አንድ ናት። እኛ መንገድ ነው የምንሠራው፣ አውቶካድም ሲቪል ስሪዲም ጎን ለጎን አለን። ለሁሉም የጋራ የሆነ ሜኑ አለ፣ ለመንገድ ክፍል ብቻ የሆነ አለ፣ ለድልድይ የሆነ አለ። ፓርሻል፣ ማለትም በዋናው ፋይል ላይ ተጨማሪ ሆኖ የሚጫን፣ ብታደርገው የፈለግከውን ያህል ትጭናለህ። ሲዩአይሎድ ብለህ አንድ ጊዜ ስትጭነው ዋናው ፋይል ያስታውሰዋል፣ በየቀኑ መጫን የለብህም።

ፓርሻል ላይ ሰው የሚሳሳተው ሁለት ቦታ ነው። አንደኛው የከስተማይዜሽን ግሩፕ ስም ነው። እያንዳንዱ ሲዩአይኤክስ ከፋይሉ ስም ሌላ ውስጡ የግሩፕ ስም አለው። አንድ ዓይነት የግሩፕ ስም ያላቸው ሁለት ፋይሎች ባንድ ላይ አይጫኑም። አንዱን ፋይል ኮፒ አድርገህ፣ ስሙን ቀይረህ፣ ሁለተኛ ሜኑ ሠራሁ ብትል ግሩፑ ያው ነው፤ አልጫን ይልሃል። እኔ አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ በዚህ አቃጥያለሁ።

ሁለተኛው ዎርክስፔስ ነው። ፓርሻል ፋይል ውስጥ የሠራኸው ዎርክስፔስ አይታይም። ታቡ ግን እንዲታይ ማድረግ ይቻላል። ሲዩአይ ውስጥ ታቡን ስትመርጠው በቀኝ በኩል ከሚመጡት ንብረቶች ዎርክስፔስ ቢሄቪየር የሚል አለ። እዚያ ላይ ታቡ እንዲጨመር ምረጥ። አለዚያ ፋይሉ ተጭኖ፣ ስህተት የሚል ነገር ሳይመጣ፣ ስክሪኑ ላይ ግን ምንም የለም። ሰው ያን ጊዜ ፋይሉ ተበላሽቷል ብሎ ከመጀመሪያው ይጀምራል።


ሻርጃ ካድ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 5፡45

መንገድ ሲቪል፣ ነገርህ ይገባኛል። ግን ፓርሻልን ተጠቃሚው ሊያወርደው ይችላል። ሪሴት ቱ ዲፎልት ያደረገ (አውቶካዱን ወደ መጀመሪያው የመለሰ) ሰው ደግሞ ዋናው ፋይሉ አዲስ ስለሚሆን ፓርሻሎቹ አብረው ይሄዳሉ። ደግሞ ኤንተርፕራይዙ ራሱ ከሥሩ ፓርሻል ይይዛል። የመንገዱንም የድልድዩንም እዚያ ሥር ማንጠልጠል ትችላለህ።


መንገድ ሲቪል
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡10

ሪሴት ቢያደርግ ኤንተርፕራይዙም ወደ ነጥቡ ይመለሳል እኮ። እዚያ ላይ እኩል ነን።

ሁለቱንም የሚያስቀር መንገድ አለ፣ ከ2012 ወዲህ ላሉት። ፕሮግራም ዳታ ውስጥ፣ አውቶዴስክ ሥር፣ አፕሊኬሽን ፕለጊንስ የሚል ፎልደር አለ። እዚያ ውስጥ ስሙ በነጥብ ባንድል የሚያልቅ ፎልደር ካስቀመጥክ አውቶካድ ሲነሳ ራሱ ያነበዋል። ፎልደሩ ውስጥ ፓኬጅ ኮንቴንትስ የሚባል አንድ ኤክስኤምኤል አለ። የትኛው ሲዩአይኤክስ ለየትኛው ቨርዥን እንደሆነ እዚያ ትጽፋለህ። 2021 ማለት አር 24.0 ነው፣ 2024 ማለት አር 24.3 ነው፤ ከዚህ እስከዚህ ላለው ይህን ጫን ትለዋለህ። ሰው የፈለገውን ሪሴት ቢያደርግ ይህ ከፕሮፋይሉ ውጪ ስለሆነ አይነካም። ኔትወርክ ሰው ባለው መንገድ ባንድሉን ጠዋት ጠዋት መገልበጥ ነው።

ለየቨርዥኑ የተለየ ኮፒ መያዝ ብትለምድ ጥሩ ነው። እኛ 2021ን በ2021፣ 2024ን በ2024 ነው የምንከፍተው። አንዱን ፋይል በሁለት ቨርዥን እያፈራረቁ ማረም ትተናል። ሥራው ትንሽ ይበዛል፣ ግን ምን እንደተበላሸ ለማወቅ አንቸገርም።


ጀማሪ 21
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 12፡40

ይቅርታ፣ ከርዕሱ ትንሽ ልወጣ ነው። የኔ በተን አንድ ማሽን ላይ ነው፣ እሱም አይሠራም። ማክሮው (በተኑ ሲጫን የሚሄደው የትዕዛዝ ጽሑፍ) ኢንሰርት ብሎ ይጀምራል፣ ከዚያ የብሎኩን ፓዝ ከዊንዶውስ ኮፒ አድርጌ ነው ያስገባሁት። ሲጫን ዲ ኮለን ካለ በኋላ ይቆማል። ፓዙ ትክክል ነው፣ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ምን ላድርግ?


ሻርጃ ካድ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡05

ከርዕሱ አልወጣህም፣ እንዲያውም መሃሉ ላይ ነህ። ማክሮ ውስጥ ወደ ኋላ ያዘነበለው ስላሽ ፓዝ አይደለም። ቆም በል፣ ተጠቃሚው እስኪጫን ጠብቅ ማለት ነው። ስለዚህ ዲ ኮለን ብሎ መጀመሪያው ስላሽ ላይ ሲደርስ አንተን እየጠበቀ ነው። ሁሉንም ወደ ፊት ባዘነበለው ስላሽ ቀይረው፤ አውቶካድ ይረዳዋል።

ከዚያ ደግሞ አንድ እርምጃ እለፍ። ፓዙን ጭራሽ አውጣው። የብሎኩን ስም ብቻ ተው፣ ብሎኮቹ ያሉበትን ፎልደር ደግሞ ኦፕሽንስ ውስጥ ሰፖርት ፋይል ሰርች ፓዝ ላይ ጨምረው። ነገ ፎልደሩ ቢዛወር አንድ ቦታ ትቀይራለህ። ሠላሳ በተን ውስጥ ሠላሳ ፓዝ የተጻፈበት ሜኑ ከአንድ ማሽን ወደ ሌላ ማሽን አይሄድም።


ቲ ስኩዌር
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡30

ጀማሪ 21፣ ይህን ስለጠየቅህ አመሰግንሃለሁ። የኔን ሠላሳ በተን ከፍቼ አየሁ፤ ሃያ ሁለቱ ላይ ሙሉ ፓዝ ተጽፏል፣ ያውም በዜድ ድራይቭ። ትናንት ማታ ሁሉንም አጸዳሁ።

ሻርጃ ካድ፣ እህት ነኝ፣ ወንድም አይደለሁም። ምክርህ ግን በጣም ጠቅሞኛል።

አሁን የቀረችኝ ኤልቲዋ ናት። ባንድሉን አስቀመጥኩላት፣ አላነበበችውም። በፓርሻል ጫንኩላት፣ ታቡ መጣ። ግን ሌየሮቹን የሚያዘጋጀው በተን ሲጫን ኮማንድ ላይኑ የማላውቀው ትዕዛዝ ይላል። ሌሎቹ ይሠራሉ።


ሻርጃ ካድ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 5፡00

ይቅርታ እህቴ፣ ስሙን አይቼ ነው የገመትኩት። የዜዱን ነገር ማስተካከልሽ ትልቅ ሥራ ነው።


መንገድ ሲቪል
ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡15

ያ በተን የሚጠራው ሊስፕ (የአውቶካድ ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) ነው አይደል? ኤልቲ ሊስፕ ማንበብ የጀመረው ከ2024 ወዲህ ነው። ያንቺ 2022 ስለሆነች አታውቀውም። ባንድሉንም እንዳየሽው አታነበውም።

ሜኑውን ለሁለት ክፈይው። አንደኛው ፋይል ውስጥ በንጹህ ትዕዛዝ የሚሠሩ በተኖች ብቻ ይግቡ፤ ኢንሰርት፣ ሌየር፣ ስታይል። ይህ ሰባቱም ማሽን ላይ ይጫናል። ሁለተኛው ፋይል ውስጥ ሊስፕ የሚጠሩት ብቻ ይሁኑ። የግሩፕ ስማቸውን መለየት እንዳትረሺ። ለኤልቲዋ የመጀመሪያውን ሲ ድራይቭ ላይ ካለው ኮፒ አንድ ጊዜ በሲዩአይሎድ ጫኝላት፣ በቃ። ጠዋት ጠዋት ሮቦኮፒው ፋይሉን ከሥር ሲያድሰው ፓዙ ያው ስለሆነ አዲሱን ይዛ ትነሳለች።

የሊስፑን ኮድ ደግሞ ከሁለተኛው ሲዩአይኤክስ ጋር በአንድ ስም፣ መጨረሻው ኤምኤንኤል በሆነ ፋይል አስቀምጪው። ሜኑው ሲጫን እሱም በራሱ ይጫናል። ማሽኖቹ ሴኪውርሎድ የሚባል የደህንነት ሴቲንግ ስላላቸው ፎልደሩን ትረስትድ ሎኬሽንስ ውስጥ ካላስገባሽው በየጊዜው ልጫን ወይ እያለ ይጠይቃል። ልጆቹ ሳያነቡ እሺ ማለት ይለምዳሉ፤ እሱ ጥሩ ልማድ አይደለም።

አስተማማኝ እንዲሆን ከፈለግሽ ድሮዊንግ በተከፈተ ቁጥር በሚነበበው አካድዶክ ሊስፕ ፋይል ውስጥ አንድ መስመር ጨምሪ፤ ሜኑግሩፕ በሚለው ትዕዛዝ ግሩፑ መጫኑን ትጠይቃለች፣ ካልተጫነ ትጭናለች። እዚያ ላይ ፋይልዲያ የሚባለውን ሴቲንግ ለጊዜው ዜሮ ማድረግ ያስፈልጋል፣ አለዚያ የፋይል መምረጫ መስኮት ከፍቶ ይጠብቅሻል። ሲጨርስ ወደ አንድ መልሺው። እኔ አንዴ ሳልመልሰው ቀርቼ ኦፕን ሲሉ መስኮት የማይመጣላቸው ሰዎች ቢሮዬን ሞልተውት ነበር።


ራፒዶግራፍ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡00

ልጆች፣ እየተከታተልኳችሁ ነው። እኔ ከቀለም ብዕርና ከትሬሲንግ ፔፐር የመጣሁ ሰው ነኝ። ሜኑውን በተራ ጽሑፍ፣ ኤምኤንዩ በሚባለው ፋይል ስንጽፍ ነበር፤ በ2006 ቨርዥን ሲዩአይ መጣ፣ በ2010 ቨርዥን ሲዩአይኤክስ ሆነ። ፎርማቱ በተቀየረ ቁጥር የሚያስቸግረው አንድ ዓይነት ነገር ነው፤ ማን ነካው፣ መቼ ነካው፣ የትናንቱ የት አለ።

በኛ ቢሮ የሚያርመው አንድ ሰው ነው። ፎልደሩ ላይ የመጻፍ ፈቃድ ያለው እሱ ብቻ፣ ሌላው የሚያነብ ብቻ። ከማረሙ በፊት ፋይሉን በዕለቱ ቀን ስም ኮፒ ያደርገዋል። አጠገቡ ተራ የጽሑፍ ፋይል አለ፤ ምን እንደተቀየረ በአንድ መስመር ይጽፍበታል። "የበር ብሎክ 90 ወደ 100 ተስተካክሏል" ዓይነት። እሱ ጽሑፍ ነው ከምንም በላይ የሚያድነን። አራሚው እረፍት ሲወጣ የሚተካው ሰውም ስሙ ተጽፏል።

የአቋራጭ ትዕዛዞቹንም አትርሱ። አካድ ፒጂፒ የሚባለው ፋይላቸው ከሜኑው ውጪ ነው፣ ኤልቲም የራሱ አለው። እዚያ ላይ ሰው ጣቱ የለመደውን አትንኩበት። አሥራ አምስት ዓመት ሲ የሚለውን ፊደል ለኮፒ የተጠቀመን ሰው ሰርክል ብታወጡበት ቀኑን ሙሉ ይበሳጫል። የቢሮውን መሠረት ስጡ፣ የራሱን ከታች ይጨምር። አንድ አቋራጭ ሁለት ጊዜ ከተጻፈ የሚሠራው የታችኛው ነው።


ቲ ስኩዌር
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡10

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጽሑፍ ፋይሉን ዛሬ ጠዋት ጀመርኩ። ቅዳሜና እሁድ ቢሮ ገብቼ ሁሉንም አዛውራለሁ። ውጤቱን እነግራችኋለሁ።


ቲ ስኩዌር
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡20 (ከ12 ቀን በኋላ)

ቃሌን ልጠብቅ።

በመጨረሻ እንዲህ ሆነ። የእያንዳንዱ ማሽን ዋና ፋይል ወደራሱ ተመለሰ፤ ከዚያ ሲዩአይ ውስጥ ዋናውን ፋይል በቀኝ ጠቅ አድርጌ ሪሴት አልኩት። የቢሮው ሜኑ ለሁለት ተከፈለ፤ ሃያ አራት በተን ለሁሉም፣ ስድስቱ ሊስፕ ላላቸው። ለ2021 አንድ ኮፒ፣ ለ2024 አንድ ኮፒ፣ ሁለቱም ባንድል ውስጥ። ኤልቲዋ በፓርሻል ትጭናለች፤ ስድስቱን በተን አታይም። በእሷ የሚሠራው ልጅ የሌየሩን ሥራ በተዘጋጀ ቴምፕሌት እንዲጀምር አደረግን፣ ደስ ብሎታል።

ኤንተርፕራይዙን ለጊዜው ባዶ ተውኩት። ሻርጃ ካድ፣ አትቀየመኝ፤ የተለያየ ቨርዥን ስላለን ባንድሉ ለእኛ ቀለለን። ሁሉም ማሽን አንድ ቨርዥን ቢሆን ኖሮ ያንተን ነበር የምመርጠው።

አይኮኖቹን በተመለከተ ግምትህ ልክ ነበር። ዚፕ አድርጌ ከፈትኩት፤ አሥራ አንዱ ምስል ውስጡ አልነበረም። እኔ ማሽን ላይ ፒክቸርስ ፎልደር ውስጥ ነበሩ። ለካ 2024 ያላቸውን ልጆች ያለ ጥፋታቸው ነው የወቀስኳቸው። ነግሬያቸው ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

ዓርብ መብራት ሄደ። ሲመለስ ሰርቨሩ ገና እየተነሳ እያለ ላፕቶፕ ያላቸው ሁለቱ ልጆች አውቶካድ ከፍተው ነበር። አጠገባቸው ቆሜ አየሁ። ታቡ አለ። ታይትል ብሎኩን ተጫኑት፣ ገባ፤ ብሎኮቹንም ወደ ሲ ስለገለበጥናቸው።

ያልጨረስኩት አለ። ጥቁሩ ገጽታ ላይ የድሮዎቹ አይኮኖች ጽሑፋቸው ጥቁር ስለሆነ አይነበቡም። ባለ 16 እና ባለ 32 ፒክስሉን ሁለቱንም እንደገና እየሣልኩ ነው። እስካሁን ዘጠኝ ጨርሻለሁ።


ጀማሪ 21
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡00

እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ። የኔም በተን ሠርቷል፣ ስላሹን ስቀይር ወዲያው። አሁን ክፍላችን ውስጥ ሦስት ሰው ኮፒ ስጠን ብሎኛል። ከመስጠቴ በፊት ከአካድ ሲዩአይኤክስ አውጥቼ ለብቻው ፋይል ላደርገው ነው። የጥቁሩን አይኮን ስትጨርሺ በምን እንደሣልሽው ብትጽፊልን።